በበዓል ቀን የምትጮኽ ላም

ደብረ ወርቅ
ግንቦት 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አምደሚካኤል፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ይህን «ደህና ነን» ሁለት ዓመት ያህል ስጽፍልህ ኖሬ አሁን እጄ ሳያስበው ይጽፈዋል፤ ስለዚህ ብዙም አትመነው። ዛሬ እሑድም ኪዳነ ምሕረትም ስለሆነች እጄ ሥራ ፈቷል። እናታችን እማሆይ ከቅዳሴ ወደ ጽዋ ማኅበራቸው ስለሚያልፉ ከሰዓት በፊት አይመለሱም። ላሟን አልቤ፣ ጥጃዋን አስሬ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። ደክሞኛል። የጀርባና የእግር ድካም ቢሆን ሲያድር ይለቃል። ሲያድር የማይለቅ ድካም እንዳለ ያወቅሁት በዚህ ዓመት ነው።

የየካቲቱ ደብዳቤህ ከነፎቶው ደርሶኛል። መልስ ሳልሰጥህ ጾሙም ፋሲካውም አለፈ። በስልክ በጠየቅኸኝ ቁጥር «እጽፍልሃለሁ» እያልሁ አሳለፍሁት፤ የጠየቅኸኝ ነገር ስለከበደኝ ነው። በሐምሌ ትምህርቱን ጨርሶ ይመጣል ስንል፣ እዚያው ሕንድ አገር ለዶክተርነት እንድትቀጥል ዕድል እንደሰጡህ ጻፍህ። «አራት ዓመት ብቻ ታገሺኝ፤ እማሆይንና ላሟን አደራ። አንቺ ቤቱን ካልያዝሽልኝ ልቤ አርፎ አልማርም» አልህ። መልሴን ወደ መጨረሻው ታገኘዋለህ። ቸኩለህ ወደዚያ እንዳትዘል ግን። ልጅ ሆነህም ተረት ሲነገር «መጨረሻውን መጀመሪያ ንገሩኝ» እያልህ አባታችንን ታስቸግር ነበር።

በፎቶው ልጀምር። ጥቁሯ ጎሽ ኩሬ ውስጥ እስከ አንገቷ ገብታ፣ ቀንዷ ወደ ጆሮዋ ተጠቅልሎ፣ አንተ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስበህ አጠገቧ ቆመህ ትስቃለህ። ከኋላው «ሙራ የምትባል የወተት ጎሽ፣ ሃርያና» ብለህ ጽፈሃል። ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። አያ ፈንታ ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ አርቆ፣ ደግሞ አስጠግቶ ሲያየው ቆየና «እኔ የማውቀው ጎሽ የገደለ ሲፎክር ነው። ጎሽ ያለበ ምን ብሎ ይፎክራል?» አለ። መንደሩ ያንን ይዞ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። ስምህም እንግዲህ «ጎሽ አላቢው» ሆኗል፤ ስትመጣ እንዳይደንቅህ።

እማሆይ አልሳቁም። «ታመሰኳለች?» አሉኝ። ታመሰኳለች አልኋቸው። «ሰኮናዋስ ስንጥቅ ነው?» ስንጥቅ ነው አልሁ። «እንግዲያ ወተቷ አይከለከልም» ብለው ፈረዱና ፎቶውን ከውዳሴ ማርያማቸው መካከል አስቀመጡት። ቅቤዋ ነጭ ነው ያልኸውን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ። ነጭ ቅቤ አልዋጥላቸው አለ።

አንተ እንደምትለው ወተቷ ከላም ወተት እጥፍ ቅባት አለው፤ ለቅቤ አገር ከእሷ የተሻለ የለም፤ አንድ ቀን ጣና ዳር ረግረጉ ላይ ታረባታለህ። ይሁን። እኛ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለውን እየሰማን ነው ያደግነው፤ አንተ ደግሞ ጎሽ ጨመርህበት። የእኛዋ ላም እንኳ በምድር ናት፣ እዚሁ ጓሮ ታስራለች። የእሷን ነገር አንድም ቀን በደንብ ነግሬህ አላውቅም።

ሸጊቱን ስታመጣት ከነሆዷ ነበረች። እንዲህ ያለ ግት በዚህ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም ተብሎ ሰው ሊያያት ይመጣ ነበር። አንተ በመስከረም ሄድህ፣ እሷ በጥር ወለደች። የወተቷን ብዛት ልነግርህ አልችልም። አልቤ ስጨርስ ክንዴ የእኔ አይመስለኝም ነበር። ሦስት ሳምንት ከጎረቤት እስከ ሆቴል ቤቱ ድረስ ተሻሙብን፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።

ወንድሜ፣ አንተ የእንስሳት ባለሙያ ነህ፤ ይችን ላም ስታመጣ ግን ጾሙን ረሳኸው። በደብረ ወርቅ በዐቢይ ጾም ወተት የሚገዛ ማን አለ? ከገበያው ዳር ያሉት ጥቂት የእስላም ቤቶች በቃቸው። ላሟ ጾም መግባቱን አታውቅም፤ ጧት ትሰጣለች፣ ማታ ትሰጣለች። እየናጥሁ ቅቤውን በቅል ሞላሁት፤ ቅሉ አልቆ በድስት፣ ድስቱ አልቆ ከጎረቤት በተዋስሁት። አሬራውን ለጥጃዋ፣ ጥጃዋ ስትጠግብ ለውሻው፣ ውሻው ሲጠግብ ለመሬት። ይበላሽ አይበላሽ በማሽተት ብቻ ነው የማውቀው፤ አልቀምሰው ነገር ጾም ነው። ቅቤ እስከ ክርኔ እየተቀባሁ እኔ ሽሮ በዘይት እበላለሁ። ያኔ ሳቄ ይመጣ ነበር። ዘንድሮ አልመጣም።

እሱም ያልፍ ነበር። ያላለፈው የሚቀጥለው ነው። ወተቷ እንዲቀጥል እንደገና መውለድ አለባት፤ ይህን አንተ ነህ ያስተማርኸኝ። ስትሄድም አጥብቀህ ያዘዝኸኝ አንድ ነገር ነው፤ «የአገር ኮርማ እንዳይደርስባት፤ ዘሯ ይበላሻል። ኮርማ ፈልጋ ስትጮኽ ያኔውኑ አዳቃዩን ጥሪ፤ ካደረች ጊዜው አለፈ።» አደርገዋለሁ አልሁ። እማሆይም የራሳቸው ትእዛዝ አላቸው፤ በበዓል ሥራ የለም።

ሸጊቱ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጮኸች። አዳቃዩን ብጠራ እማሆይ «በሚካኤል ዘር አይዘራም» አሉ። ጊዜው አለፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ጮኸች፤ በዓታ ነበረች። ከዚያ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቆይታ በተክለ ሃይማኖት። ከዚያ በቂርቆስ። እኔ እንኳ መጠራጠር ጀመርሁ። እማሆይን «ኮርማ ቢሆን በበዓል ይከለከላል እንዴ?» ብያቸው ነበር። «ኮርማው በእግሩ ቢመጣ የእሱና የፈጣሪው ጉዳይ ነው። በሰው እጅ ሲሆን ግን ሥራ ነው» አሉ። ይህን አሻሽለህ ፍረድ ብትባል፣ ዶክተርም ብትሆን፣ አትችልም።

እንዲህ ሆኖ ላሟ በአንተ ሕግና በእማሆይ ሕግ መካከል ባዶዋን ቀረች። ወተቷም እየቀነሰ ሄደ። እኔም መካከል ቆሜ ሁለታችሁንም እሺ እላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው መሰለኝ።

አዳቃዩን አታውቀውም፤ አንተ ከሄድህ በኋላ ነው የመጣው። እንዳላማው ይባላል። ከጉንደ ወይን በሞተር ይመጣል፤ የኮርማውን ዘር የያዘውን ትልቅ የወተት ጋን የመሰለ ዕቃ ከኋላው አስሮ ሲገባ ሰፈሩ «ኮርማው መጣ» ይላል። ከአርባ ዓመት ትንሽ ያልፈዋል። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል፤ ልጅ የለውም። ስለ ላም ካልሆነ ወሬ አያውቅም። በሚካኤል እኔ ሳላስፈቅድ ጠርቼው ከደጅ ተመለሰ፤ በበዓታ ዛሬስ ይፈቀድልኝ ይሆናል ብሎ መጥቶ ተመለሰ። በተክለ ሃይማኖት ሲመለስ ሸጊቱን እያየ «ይች ላም ስንክሳር እያነበበች ነው እንዴ የምትጮኸው?» አለ። አንድ ጊዜም አልተቆጣም። የመጣበትን ድካም ቆጥሮ አያውቅም።

በቂርቆስ ዕለት እማሆይ ከበር ሲመልሱት ሞተሩን አላስነሣም። አጎንብሶ የሞተሩን ሰንሰለት እያየ «የብርጓል» አለኝ። «አቤት» አልሁት። «እኔ እዚህ የምመጣው ለላሟ ብቻ አይደለም» አለ፤ አሁንም ሰንሰለቱን እያየ። «ከሰኔ ጀምሮ ወደ ማርቆስ ተዛውሬያለሁ። ብትመጪልኝ ደስ ይለኛል። እምቢ ብትዪም አልቀየምሽም፤ ለላሟ ሌላ ሰው ይላክላችኋል።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ መናገር ግን አቃተኝ። ለማን እነግራለሁ? «አምዴ በሐምሌ ይመጣል፤ ያኔ እናቴን ለእሱ ሰጥቼ እሄዳለሁ» ብዬ በልቤ ያዝሁት። ስድስት ወር ነው፤ ምንም አይደል አልሁ።

ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤህ መጣ። አራት ዓመት የሚለው።

በዚያው ደብዳቤ ስለ ጥናትህ የጻፍህልኝን ታስታውሳለህ? ሙራ ኮርማ ስትፈልግ እንደ ላም አትጮኽም ብለሃል። በተለይ በሙቀት ወራት ምልክቷን ትሸሽገዋለች፤ ባለቤቱ ልብ ካላላት ጊዜዋ በዝምታ ያልፋል፤ የአንተ ሥራ ይህን ዝምታ ማወቅ ነው። ይህን ሳነብ ምሳ እየበላሁ ነበር። እጄን ታጥቤ ተነሣሁና ጓሮ ሄጄ ቆምሁ። ተናደድሁብህ አምዴ። ዝም የምትል ጎሽ ልብ ልትል ባሕር ተሻገርህ፤ ዝም የምትል እህት እዚሁ ነበረችህ። ሠላሳ ሰባት ዓመቴን በጥር እንደጨረስሁ ታውቅ ነበር? «አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» ብለህ በአንዱ ደብዳቤህ እንኳ ጠይቀኸኛል?

ንዴቱ ሲበርድልኝ ደግሞ አንተን ብቻ መውቀስ አልሆነልኝም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ተናግሬ አላውቅም። አባታችን ሲያርፉ አንተ ማትሪክ ልትፈተን ነበር፤ ቤቱን ማን ይያዝ ሳይባል ያዝሁት። ያኔ ለትዳር የጠየቁኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸውን ከእኔ በቀር የሚያስታውስ የለም። አስገድዳችሁኛል አልልም። ማንም አላስገደደኝም። እኔ እንዳለሁ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የቤት ምሰሶ ደግሞ «እንዴት አደርሽ» አይባልም።

ጾሙን ሙሉ መልስ ልጽፍልህ እየተነሣሁ ተውሁት። «እሺ» ብዬ ጽፌ ቀደድሁ። «እምቢ» ብዬም ጽፌ ቀደድሁ። እንዳላማው በዚያ መካከል ሁለት ጊዜ መጥቶ ሥራው ሳይሆንለት ተመለሰ፤ አንዴ የኮርማው ዘር በቅዝቃዜ የሚቀመጥበት ፈሳሽ አልቆበት፣ አንዴ እማሆይ ሱባዔ ላይ ሆነው ማንም ደጅ አይግባ ብለው። መልሴን አልጠየቀኝም። ፉርሽካ ከጉንደ ወይን ጭኖ አምጥቶልን ሄደ።

ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስ ነው፤ እማሆይ ከሁሉም የሚያከብሩት። ጎሕ ሳይቀድ ሸጊቱ ጮኸች። እኔ ሰማሁ፤ ተነሥቼ ድርቆሽ ሰጠኋትና ወደ ቤት ተመለስሁ። ለማንም አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ምን ብዬ እናገራለሁ? እማሆይ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሊወጡ ነበር። በረቱ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«ዛሬም ጮኸች?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማሆይ።»

«ሰውየውን ጥሪው።»

የተሳሳቱ መስሎኝ «ጊዮርጊስ ነው እኮ» አልሁ።

«ጊዮርጊስን እኔ አነጋግረዋለሁ። አንቺ ሰውየውን ጥሪው» ብለው ሄዱ።

በአያ ፈንታ ስልክ ደወልሁለት። መጣ። ሞተሩን አጥፍቶ ከበር ቆመና «እማሆይ የት ናቸው?» አለ። ቤተ ክርስቲያን ናቸው አልሁት። «ያውቃሉ?» ጥሪው ያሉኝ እሳቸው ናቸው ስለው ዕቃውን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ሥራውን ሠርቶ ጨረሰ። እጁን ሲታጠብ ውኃ ያፈሰስሁለት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፍልህ አንተ ባለሙያ ስለሆንህ ነው፤ ትንሽም ለራሴ ነው።

እማሆይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሊሄድ ይጣደፍ ነበር። «ተቀመጥ» አሉት። «በበዓል ደጄ የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም።» አቀረብሁላቸው። ሁለት ጉርሻ እስኪጎርስ ጠበቁትና «ልጄን መቼ ነው የምትወስዳት?» አሉት።

ምስኪን፣ ትን አለው። ውኃ ሰጠሁት። እኔም ማሰሮውን የት እንዳስቀመጥሁት ጠፋኝ።

«ላም ሊያይ የሚመጣ ሰው ዓይኑ ላሟ ላይ ይሆናል» አሉ እማሆይ። «የአንተ ዓይን ወዴት እንደሚውል አይቻለሁ። በምንኩስና ዓይኔ አልጠፋም።»

«እማሆይ፣ እኔማ ጠይቄያታለሁ። መልስ አልሰጠችኝም» አለ።

ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን?»

አባታችን ካረፉ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርሁ። «እርስዎን ለማን ጥዬ ልሂድ?» አልኋቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነው የወጣው፤ ራሴው ደነገጥሁ።

እማሆይ የነጠላቸውን ጠርዝ ሲያጥፉ፣ ሲዘረጉ ቆዩና «እኔ ዲማ ገዳም ልገባ የወሰንሁት አባትሽ ባረፉ በዓመቱ ነው» አሉ። «ቦታ ሁሉ ተሰጥቶኝ ነበር። አንቺን ብቻሽን ለማን ጥዬ ልሂድ ብዬ ቀረሁ።»

ተያየን። መጀመሪያ ሳቅ ነው የመጣብኝ። ስስቅ ስስቅ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። እሳቸውም እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እንዳላማው የሚያይበት አጥቶ ወደ ላሟ ይመለከታል። ስንት ዓመት ሙሉ፣ አምዴ፣ እኔ ለእሳቸው ብዬ እሳቸው ለእኔ ብለው፣ ሁለታችንም ያልፈለግነውን ቤት ተቀምጠን ስንጠብቅ ኖረናል። አንዳችን አፋችንን ብንከፍት በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ነበር።

«ታዲያ ይህን ቤት ለማን ብለን ነው የምንጠብቀው?» አሉ እማሆይ።

«ለአምዴ» አልሁ።

«አምዴ አይመጣም፣ ልጄ።»

በቁጣ አልነበረም ያሉት። ዝናብ ዘግይቷል እንደሚሉት አድርገው ነው። «ፎቶውን አይቼዋለሁ። እዚህ ቤት ውስጥ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም» አሉ። እኔም አልተከራከርኋቸውም። እውነታቸውን ይሁን አይሁን አንተ ታውቀዋለህ። ልቀየምህም ፈልጌ ነበር፤ ለቅያሜም ጉልበት ይፈልጋል፤ እሱም የለኝም። እዚያ ደስ ካለህ ደስ ይበልህ። ከሦስታችን አንዱ ቀድሞ የሚወደውን አገኘ፤ ይህ ጥፋት አይደለም።

እንግዲህ የሆነውን ልንገርህ። የሰኔ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ የፊታችን እሑድ፣ እንዳላማው ያገባኛል። ዳስ አይጣልም፤ ቄሱና ጎረቤት ናቸው። አያ ፈንታ በአባታችን ቦታ ይቆማል፤ ጎረቤታችን ሥራነሽ ከማለዳው መጥታ ወጡን ልትሠራልኝ ነው። እማሆይ ጰራቅሊጦስን እዚሁ ከደብራቸው ውለው ዲማ ይገባሉ። ልብሳቸውን ቋጥረው ከጨረሱ ሳምንት ሆኗቸዋል፤ እንዲህ ፈጥነው ሲራመዱ ካየኋቸው ዘመን የለም። ሸጊቱን ለእኔ ሰጥተውኛል፤ በመኪና ወደ ማርቆስ እወስዳታለሁ። ሦስት ሳምንቷ ደርሶ አልጮኸችም፤ እንዳላማው ሳይያዝላት አልቀረም ይላል፤ እርግጡ ገና ነው። ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ለአያ ፈንታ እሰጠዋለሁ። የአባታችን መጻሕፍት በሣጥን ናቸው፤ አይጥ እንዳይነካቸው ከፍ አድርጌ ሰቅያቸዋለሁ።

የጠየቅኸኝ መልስ ይኸው ነው። አራት ዓመት ልሰጥህ አልችልም። እስከ ዛሬ የጠየቅኸኝን ሁሉ የሰጠሁህ ስለነበረኝ ነው፤ አሁን የቀረኝ ጥቂት ነው፤ ለራሴ እፈልገዋለሁ። ልጅ እንደሆነ እግዜር ያውቃል፤ ባይሆንም ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ የምጠብቀው ሰው ይኖረኛል። አንተ ግን ተማር። እኔ እምቢ አልሁ ብለህ ትምህርትህን ጥለህ እንዳትመጣ፤ ያኔ ነው የምቀየምህ። እማሆይም ያሉህ ይህንኑ ነው። መርቀውሃል፤ ምርቃታቸውን በቃሌ አልያዝሁትም፤ ረጅም ነበር፤ ጎሾቹንም ጨምረዋቸዋል።

ለምን አልደወልሽልኝም ትለኝ ይሆናል። ደብዳቤ ሕንድ እስኪደርስ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ይህ እጅህ ሲገባ ሠርጉ አልፏል፤ እማሆይ ገዳም ናቸው፤ በሩ ተቆልፏል። አውቄ ነው። ብደውልልህ «እታለም» ትለኛለህ። አንተ «እታለም፣ ትንሽ ብቻ» ብለኸኝ እምቢ ብዬህ አላውቅም፤ አሁንም የምችል አይመስለኝም። ድምፅህን ከሰማሁ እቀራለሁ። ስለዚህ እስከ ሠርጉ ድረስ ላልሰማህ ወሰንሁ።

እሑድ እሑድ በዚህ ሰዓት እንደምትደውል አያ ፈንታ ያውቃል። ገበያ ሄዳለች እንዲልህ ለምኜዋለሁ። ሽማግሌን በኪዳነ ምሕረት ዕለት ማስዋሸት ኃጢአት ነው፤ እሑድ ገበያ እንደሌለም አንተ ታውቃለህ። እሱ ግን አሮጌ ሰው ነው፤ አታፋጥጠው።

አሁን ይህን ስጽፍ ስልኩ ከአጥሩ ማዶ ይጠራል። አንተ ነህ። አያ ፈንታ እስኪያነሣው ድረስ ብዙ ጠራ፤ እጁ ቀርፋፋ ነው። «ደህና ናቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው» ሲልህ ሰማሁት። ቀጥሎ ወደ እኛ ግቢ ዞሮ አየ። እኔ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም።

«የለችም፣ ልጄ» አለህ።

እህትህ
የብርጓል ገብረ ኪዳን